የዓሣ ገንዳዬ ተከፍቶ የጎረቤቴን ቤት አበላሸ፤ ካሣውን ማን ይከፍላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ አናጺ በ18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ የዓሣ ገንዳ ሠርቶ ቤቴ ድረስ አምጥቶ ተከለልኝ። የውስጥ ልኩ 2.40 ሜትር ርዝመት፣ 90 ሳንቲም ስፋት፣ 75 ሳንቲም ከፍታ ነው። ዕቃውን በሙሉ ያቀረበው እሱ ነው። የጽሑፍ ውል የለንም፤ ልኩንና ዋጋውን የተነጋገርነው በቴሌግራም ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት የታችኛው ጥግ ተከፍቶ ውሃው የታች ጎረቤቴን ኮርኒስና ቴሌቪዥን አበላሸ። ከሁለት ቀን በፊት ጥጉ ላይ እርጥበት አይቼ ነበር። ጎረቤቴ ካሣ ትጠይቀኛለች፤ አናጺው ደግሞ «ወለልህ ጠማማ ስለሆነ ነው፣ ገንዳውን ልውሰድና ልጠግን» ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ገንዳውን ለአናጺው እንዳይሰጡ። ዋናው ማስረጃ ገንዳው ራሱ ነው፤ አንዴ ከተፋቀና እንደገና ከተቀባ በኋላ ጉድለቱን የሚያሳይ ነገር አይኖርዎትም።

ከጎረቤትዎ ጋር ውል ስለሌላችሁ ጥያቄዋ የሚታየው ከውል ውጭ ባለ ኃላፊነት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2028 መሠረት በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው ይክሳል። አናጺው በእርስዎ ትእዛዝ ሥር ያልነበረ፣ በራሱ ነጻነት የሚሠራ ባለሙያ ከሆነ የእሱ ጥፋት በእርስዎ ላይ አይቆጠርም፤ ቁጥር 2134 ይህን ይላል። ስለዚህ በዋናነት የሚጠየቁት በራስዎ ጥፋት ነው። እዚህ ላይ ግን አቋምዎ ደካማ መሆኑን በግልጽ ልነግርዎ ይገባል። እርጥበት እያዩ ውሃውን ቢያንስ እስከ ግማሽ አለመቀነስዎ ጥንቁቅ ሰው የማያደርገው ነው ተብሎ ይቀርብብዎታል።

የክብደቱ ጉዳይም አለ። ገንዳው 1,620 ሊትር ይይዛል፤ ይህ በ2.16 ካሬ ሜትር ላይ 1,620 ኪሎ፣ ማለትም በካሬ ሜትር 750 ኪሎ ነው። የመኖሪያ ቤት ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ከራሱ ክብደት ሌላ በተለምዶ የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ለሚሆን ጭነት ነው። ጭነቱ በክፍሉ ስለሚከፋፈል ሶሌታው የግድ ይሰበራል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን መሐንዲስ ሳይጠይቁ ማስቀመጥዎ በጥፋት ሊቆጠር ይችላል። እርስዎና አናጺው ሁለታችሁም ጥፋተኛ ከተባላችሁ ጎረቤትዎ ሙሉውን ካሣ ከአንዳችሁ ልትጠይቅ ትችላለች (ቁጥር 2155)፤ የከፈለው ወገን በሌላው ላይ ይመለሳል።

በአናጺው በኩል የቃል ውል ዋጋ አለው፤ ሕጉ በጽሑፍ እንዲሆን ካላዘዘ በስተቀር ውል የተለየ ፎርም አይፈልግም (ቁጥር 1719)። የቴሌግራሙን ንግግር አያጥፉ፣ ስልኩንም አይቀይሩ፤ የኤሌክትሮኒክ መልእክት በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሕጋዊ ዕውቅና አለው። ዕቃውን ያቀረበው አናጺው ስለሆነ ግንኙነታችሁ እንደ ሽያጭ ሊታይ ይችላል። በሽያጭ ደግሞ ጉድለትን ሳይዘገዩ ማስታወቅና ካስታወቁ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን በዚህ ሳምንት፣ በጽሑፍ፣ የደረሰበትን ቀን በሚያሳይ መንገድ ይላኩ።

«ወለሉ ጠማማ ነው» ማለቱ ብዙ አያስኬደውም። ገንዳውን ራሱ የተከለ ባለሙያ ወለሉን አይቶ ማስተካከል ወይም እንደማይሆን መናገር ነበረበት። ይልቅ የአሠራር ጉድለት መኖሩ ይረጋገጥ። አናጺውን በጽሑፍ ጠርታችሁ፣ ቢቀርም ባይቀርም፣ አንድ ገለልተኛ መሐንዲስ የሚከተሉትን ይመልከት። የተከፈተው መጋጠሚያ ከኢፖክሲው (ሙጫና ማጠንከሪያ ተደባልቆ ውሃ እንዳያሳልፍ ከሚቀባው ሽፋን) ሥር የፋይበርግላስ ጨርቅ አለው ወይስ ቀለም ብቻ ነው የተቀባው? ጨርቅ የሌለው ጥግ እንጨቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ኢፖክሲው በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል ወይም ይጣበቃል? ከሆነ ሙጫውና ማጠንከሪያው በትክክለኛው መጠን አልተደባለቁም። ከኢፖክሲው በፊት ሲሊኮን ተቀብቶ ከሆነ ኢፖክሲው እላዩ ላይ አይይዝም፤ ሲሊኮን የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከላይ ዙሪያውን የሚያስር ክፈፍ አለ ወይ? ገንዳው ሲሞላ ረጅሙ ግድግዳ ላይ 675 ኪሎ ያህል ግፊት ስለሚያርፍ፣ ካልታሰረ ወደ ውጭ ይጎብጥና መጋጠሚያውን ይጎትታል። መስታወቱም ከውስጥ በኩል፣ ውሃው ወደ ክፈፉ በሚገፋው አኳኋን መገጠም ነበረበት። ከተከፈተው ጥግ ንብርብሩ የሚታይበት ቁራጭ ተቆርጦ፣ በመሐንዲሱ ተፈርሞበት፣ ታሽጎ ይቀመጥ። ሜትር አጠገቡ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ፤ የኢፖክሲ ጣሳዎቹ ካሉም ይያዙ። ከመረከብዎ በፊት ገንዳው ሞልቶ ለቀናት ተፈትኖ እንደሆነም አናጺውን በቴሌግራም ይጠይቁት፤ መልሱ ራሱ ማስረጃ ነው።

ለጎረቤትዎ አክብሮት የተሞላበት መልስ ይስጡ፣ ሽምግልናም ጥሩ ነው፤ አናጺው በሌለበት ግን «ሙሉውን እከፍላለሁ» ብለው አይፈርሙ። ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን ስላለበት አሮጌ ቴሌቪዥን በአዲስ ዋጋ አይሰላም፤ የጥገና ዋጋና ደረሰኝ ይጠይቁ። ከውል ውጭ ያለው ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው (ቁጥር 2143)። እርስዎን ብቻ ከከሰሰች በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 መሠረት አናጺው ወደ ክርክሩ እንዲገባ ከመከላከያ መልስዎ ጋር አብረው ያመልክቱ።