ትንሹ መድረክ ይበቃዋል ወይስ ብሮድዌይ ይግባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው አራት ጥያቄዎች ሁሉም የኒውዮርክን ሙዚቃዊ ቲያትር የሚመለከቱ ናቸው። ዓመቶቹና ወራቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጥያቄ፦ ኒውዮርክ በሄድኩበት ጊዜ «ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ»ን በዌስትሳይድ ቲያትር አየሁ። ትኬት ያገኘሁት በስንት ፍለጋ ነው። ይህን ያህል ሰው የሚፈልገው ትርዒት ለምን ብሮድዌይ አይገባም? ለነገሩ ቤቱም ከብሮድዌይ ቲያትር ቤቶች የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው።
*ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ*

መልስ፦ ከርቀቱ እንጀምር። አንድን ቲያትር ቤት ብሮድዌይ የሚያሰኘው የወንበሩ ብዛት ነው። 500 እና ከዚያ በላይ ወንበር ያላቸው፣ ብሮድዌይ ተብለው የተመዘገቡ 41 ቤቶች አሉ። ከ100 እስከ 499 ያለው ኦፍ ብሮድዌይ ነው። እርስዎ የገቡበት በምዕራብ 43ኛ መንገድ ያለው ሕንፃ ድሮ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሲሆን የላይኛው አዳራሽ 270 ያህል ሰው ይይዛል። መንገዱን ተሻግሮ ትልቁ ቤት ሲገባ የተዋንያኑ ውል፣ የሙዚቀኞቹ ቁጥር፣ የመድረክ ሠራተኛው ደመወዝና የቤት ኪራዩ ሁሉም አብረው ይለወጣሉ።

በእኛ እምነት ይህ ዝግጅት ባለበት መቆየቱ ትክክል ነው። ሥራው ሁለቱንም መንገድ ሞክሮ ያውቃል። በ1982 ኢስት ቪሌጅ ውስጥ ኦርፌየም በሚባል 347 ወንበር ባለው ቤት ገብቶ 2,209 ጊዜ ታየ። ያኔም ወደ ብሮድዌይ ይዛወር የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ድርሰቱንና ግጥሙን የጻፈውና ራሱም ያዘጋጀው ሃዋርድ አሽማን ግን ቦታው እዚሁ ነው ብሎ አልተቀበለውም። በ2003 ዛሬ ኦገስት ዊልሰን ወደሚባለው፣ ከ1,200 በላይ ወንበር ወዳለው የብሮድዌይ ቤት ገባ። 372 ጊዜ ታይቶ በዓመቱ ነሐሴ ላይ ተዘጋ። የዛሬው ዝግጅት በጥቅምት 2019 በዌስትሳይድ ተከፈተ፤ ኮሮና ዘጋው፤ በመስከረም 2021 እዚያው ተመለሰ። ዋናውን ሚና የሚጫወቱ ታዋቂ ተዋንያንን በየጊዜው እየቀያየረ ሰው ይጠራል። አንድ ታዋቂ ሰው ለጥቂት ወራት በትንሽ ቤት ሲጫወት ትኬቱ ቶሎ ያልቃል፤ እርስዎም የተቸገሩት በዚህ ነው። የትኬት እጥረቱ የ270 ወንበር እጥረት ነው። 1,000 ወንበር ቢኖር ኖሮ ያው ፈላጊ ግማሹን ላይሞላው ይችላል።

ነገሩ በቁጥር ቢታይ ይሻላል። የሚከተሉት አኃዞች ስሌቱን ለማሳየት የወሰድናቸው ምሳሌዎች እንጂ የአንድ የታወቀ ትርዒት ሒሳብ አይደሉም። 270 ወንበር በሳምንት 8 ጊዜ ሲሸጥ 2,160 ትኬት ነው። አማካይ ዋጋው 90 ዶላር ቢሆን ሙሉ ቤት 194,400 ዶላር ያስገባል። የሳምንት ወጪው 140,000 ከሆነ ቤቱ 80 በመቶ ሲሞላ እንኳ 15,520 ዶላር ይተርፋል። አሁን ያንኑ ትርዒት 600 ወንበር ወዳለው፣ ማለትም ከብሮድዌይ ትንንሾቹ ወደ አንዱ እንውሰደው። 4,800 ትኬት፣ አማካይ ዋጋ 115 ዶላር፣ ሙሉ ቤት 552,000። ወጪው 475,000 ቢሆን በዚያው 80 በመቶ 441,600 ይገባል፤ በየሳምንቱ 33,400 ዶላር ጉድለት ማለት ነው። ኪሳራ ላለማየት ብቻ 86 በመቶ መሙላት አለበት። 95 በመቶ ሞልቶ ቢዘልቅ እንኳ በሳምንት የሚተርፈው 49,400 ነው፤ ለማዛወሪያ የወጣ 6 ሚሊዮን ዶላር ካለ ለመመለስ ከ121 ሳምንት በላይ ይፈጃል።

ወጪው ይህን ያህል የሚዘለው በብዙ ምክንያት ነው። በ2025 የብሮድዌይ ተዋናይ ዝቅተኛ ክፍያ በሳምንት ከ2,500 ዶላር በላይ ሲሆን፣ በኦፍ ብሮድዌይ ውል ግን ክፍያው እንደ ቤቱ የወንበር ደረጃ እየወረደ ይሄዳል። ዲኮሩ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ቢሆንም የቤቱ አናጺ፣ የመብራት ኃላፊና የመድረክ ዕቃ ኃላፊ ደመወዝ ይታሰባል። የሙዚቀኞች ማኅበር ለየቤቱ ዝቅተኛ ቁጥር አለው፤ በመጋቢት 2003 ከተደረገው የአራት ቀን አድማ በኋላ የትልልቆቹ ቤቶች ቁጥር ከ24–26 ወደ 18–19 ወርዷል፣ በትንንሾቹ እስከ 3 ይደርሳል። ከዚያ በታች ለመቅጠር የሚፈልግ ፕሮዲዩሰር ምክንያቱ የጥበብ መሆኑን ማስረዳት አለበት። የማስታወቂያው ወጪ ደግሞ ትልቅ ነው፤ ኦፍ ብሮድዌይ እያለ በወሬ ብቻ ይሸጥ የነበረ ትርዒት እዚያ ከግዙፎቹ ጋር ገበያ ይጋራል።

ሙሉ ቤትና ጥሩ ግምገማ ብቻቸውን እንደማያድኑ የ«ካንዲድ» ታሪክ ያሳያል። በ1973 ብሩክሊን ውስጥ በትንሽ አዳራሽ ለ13 ሙዚቀኞች ተስተካክሎ እንደ አዲስ ተዘጋጀ፤ ተመልካቹ በመድረኮቹ መካከል ይቀመጥ ነበር። በመጋቢት 1974 ብሮድዌይ ቲያትር ሲገባ ያንን አቀማመጥ ለማምጣት የአዳራሹ ውስጥ ተነቅሎ እንደገና ተሠራ፣ ወንበር ቀነሰ፣ የሙዚቀኛ ቁጥር ግን በማኅበሩ ደንብ ጨመረ። የብሮድዌይ ዓመታዊ ሽልማት የሆኑትን የቶኒ ሽልማቶች አገኘ፣ 740 ጊዜ ታየ፣ ገንዘቡን ሳይመልስ ተዘጋ።

ታዲያ የተሳካላቸው የሉም? አሉ። «ሜሪሊ ዊ ሮል አሎንግ» በ1981 ብሮድዌይ ላይ ከመክፈቻው በኋላ 16 ጊዜ ብቻ ታይቶ የተዘጋ ሥራ ነው። በ2022 መጨረሻ በኒውዮርክ ቲያትር ወርክሾፕ 199 ወንበር ባለው ቤት ዳግም ቀረበ፤ በ2023 መጸው ብሮድዌይ ሃድሰን ቲያትር ገባ፤ በ2024 የምርጥ ዳግም ዝግጅት ቶኒን ወሰደ። ዳንኤል ራድክሊፍና ጆናታን ግሮፍ ከትንሹ ቤት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 2024 መዝጊያው ድረስ አብረው ነበሩ። ሦስት ነገር ገጥሞለታል፦ ትኬት የሚያሸጡት ተዋንያን አብረው ተሻገሩ፣ የመዝጊያው ቀን የታወቀ ስለነበር ገዢው «ሌላ ጊዜ አየዋለሁ» አላለም፣ ዝግጅቱም ከፊት ለፊት የሚታይ ስለነበር ትልቁ መድረክ ላይ እንደገና መፈጠር አላስፈለገውም። ከሦስቱ ሁለቱ የጎደሉት ዝግጅት ቢቀር ይሻለዋል እንላለን።

ጥያቄ፦ የቲያትር ጥበባት ተማሪ ነኝ። ለትንሽ አዳራሽ የተዘጋጀ ሥራ ትልቅ መድረክ ላይ ሲወጣ «ይጠፋል» ሲባል እሰማለሁ። በትክክል የሚጠፋው ምኑ ነው?
*ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ መጀመሪያ የሚጠፋው ፊት ነው። እስከ ስምንተኛ ረድፍ ድረስ የተዋናዩ ዓይን ይነበባል፤ በአዳራሹ ላይኛው ፎቅ (ባልኮኒ) ለተቀመጠ ግን የሚታየው የትከሻና የእጅ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ በትንሽ ቤት በዓይን የተነገረ ነገር በሰውነት መነገር ይኖርበታል። ይህ ሲጨመር ደግሞ ትርዒቱ የሚጮህ ይመስላል፤ ገምጋሚዎችም «ድሮ ረቂቅ ነበር» ብለው የሚጽፉት ያኔ ነው።

ቀጥሎ ድምፅ ነው። በትንሽ አዳራሽ ዘፈኑ ከተዋናዩ አፍ ነው የሚመጣው። በትልቁ እያንዳንዱ ተዋናይ ማይክሮፎን ያደርጋል፣ ድምፁም ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ ይመጣል። ጆሮ አንድ ቦታ ዓይን ሌላ ቦታ ሲሆን ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ከትርዒቱ ይርቃል። መድኃኒቱ ትንንሽ ማጉያዎችን በመድረኩ ጠርዝና በረድፎቹ መካከል መበተን፣ የእያንዳንዱንም የመዘግየት ሰዓት በሚሊ ሰከንድ ማስተካከል ነው። ይህ በልምምድ አዳራሽ የሚሠራ ስላልሆነ በቲያትር ቤቱ ውስጥ ለድምፅ ብቻ የተያዘ ጊዜ ይፈልጋል፤ ገንዘብ ሲያጥር በቅድሚያ የሚቆረጠውም እሱ ነው።

ሦስተኛው የመድረኩ ቅርጽ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ያተኩሩ። ተመልካቹ በሦስት ወይም በአራት አቅጣጫ የሚከብበው ዝግጅት ባለ መጋረጃ መድረክ ላይ ሲወጣ ተዋናዩ ማንን አይቶ እንደሚናገር፣ ከየት እንደሚገባ፣ ጭፈራው ወዴት እንደሚዞር ሁሉም ይፈርሳል። የ«ኦክላሆማ!» ዳግም ዝግጅት አስተዋይነት እዚህ ላይ ነበር። በ2018 ብሩክሊን ውስጥ በሴንት አንስ ዌርሃውስ ሲታይ ተመልካቹ መድረኩን ከብቦ ይቀመጥ፣ በእረፍት ሰዓት ትኩስ ቺሊና የበቆሎ ዳቦ ይቀርብለት ነበር። በ2019 ብሮድዌይ ሲገባ የተመረጠው ሰርክል ኢን ዘ ስኩዌር ነው፤ ምድር ቤት ያለ፣ ተመልካች የሚከብበው ትንሽ ቤት። ኦርኬስትራውም 7 ሰው ሆኖ ቀረ፣ ቺሊውም አልቀረም። የዓመቱን የምርጥ ዳግም ዝግጅት ቶኒም አገኘ። ቤቱ ባይገኝ ኖሮ መጠበቅ ይሻል ነበር።

የቤቱ ቅርጽ ካልተስማማ ግን እንዳለ ማዛወር ሳይሆን እንደ አዲስ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። «ፈን ሆም» ዳግም ዝግጅት ባይሆንም ጥሩ ትምህርት ነው፤ በ2013 ፐብሊክ ቲያትር ፊት ለፊት የታየው ሥራ በ2015 ለዚያው ክብ ቤት ከእንቅስቃሴው እስከ ዲኮሩ ተለውጦ ተሠራ። ለዚህ ጊዜ የማይሰጥ የሥራ ዕቅድ ካዩ ይጠራጠሩ።

አንድ ተጨማሪ ነገር። አዲስ አበባ ብሔራዊ ቲያትር አንድ ተውኔት በሳምንት የራሱ ቀን ይኖረዋል፤ በዚህ ምክንያት ለዓመታት መቆየት ይችላል። ብሮድዌይ ላይ ያው ተዋናይ ያንኑ ሚና በሳምንት 8 ጊዜ ይጫወታል። በትንሽ ቤት በለስላሳ ድምፅ የተዘፈነ ዘፈን ትልቁን አዳራሽ ለመሙላት ሲገፋ በሦስተኛው ሳምንት ጉሮሮ ይዘጋል። ተተኪ ተዋንያን ከመጀመሪያው የቅድመ እይታ ምሽት በፊት ተዘጋጅተው መገኘት አለባቸው።

ጥያቄ፦ ከኦፍ ብሮድዌይ ወደ ብሮድዌይ የገባ ትርዒት ተመልሶ መውረድ ይችላል?
*ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ*

መልስ፦ ይችላል። «አቬኑ ኪው» በ2003 ከቪንያርድ ቲያትር ወደ ብሮድዌይ ጎልደን ቲያትር ገብቶ በመስከረም 2009 ሲዘጋ፣ በሚቀጥለው ወር ኒው ወርልድ ስቴጅስ በተባለው ባለብዙ አዳራሽ ኦፍ ብሮድዌይ ቤት ተከፍቶ እስከ 2019 ቆየ። ይህ የሚሆነው ዲኮሩ ትንሽ ለሆነና ስሙ ለታወቀ ሥራ ነው። የመብት ባለቤቶቹ፣ ዳይሬክተሩና ዲዛይነሮቹ ግን አዲስ ውል መስማማት አለባቸው።

ጥያቄ፦ የሥጋ ዘመዴ ከፕሮዲዩሰሮች ጋር ይሠራል። አንድ በትንሽ ቤት የተወደደ ዳግም ዝግጅት ብሮድዌይ ሊገባ ስለሆነ 25,000 ዶላር አስገባ ብሎኛል። ቤተሰብ ስለሆነ እምቢ ማለት ከበደኝ። ምን ልጠይቀው?
*ከሲያትል፣ ዋሽንግተን*

መልስ፦ ዝምድናውን ለጊዜው ለብቻ ያስቀምጡትና ወረቀቱን ይጠይቁ። በመጀመሪያ ሕጉ ራሱ ሊያስቀርዎት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ድርሻ በአብዛኛው የሚሸጠው በዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ ለሚያገኝ፣ ወይም ከመኖሪያ ቤቱ ውጭ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ላለው ሰው ነው።

ከዚያ የሳምንት ወጪውን በጀትና ገንዘቡ በስንት ሳምንት እንደሚመለስ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ያስመጡ። ሰንጠረዡ 90 እና 100 በመቶን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ 65 እና 75 በመቶውን እንዲጨምሩ ይጠይቁ። አማካይ የትኬት ዋጋውን ከየት እንዳመጡትም ይጠይቁ፤ ከኦፍ ብሮድዌዩ ዋጋ በእጥፍ የዘለለ ከሆነ ማን እንደሚከፍለው ያስረዱዎት።

መብቱ በእጅ ነው? ለኦፍ ብሮድዌይ የተሰጠ ፈቃድ ብሮድዌይ አያስገባም። የመጀመሪያ ደረጃ የሚባለው መብት ከደራሲዎቹ ወይም ከወራሾቻቸው ለብቻው ይገዛል፤ ሥራው ከፊልም ወይም ከልብ ወለድ የተወሰደ ከሆነ የዚያም ባለቤት ፊርማ ያስፈልጋል። «እየተነጋገርን ነው» በቂ መልስ አይደለም።

ቲያትር ቤቱስ ተይዟል? ከ41ዱ 17ቱ የሹበርት ድርጅት ናቸው፤ የቤቱ ባለቤት ከኪራዩ በላይ ከገቢው መቶኛ ይወስዳል። ውሉ ውስጥ የማቋረጫ አንቀጽ አለ፤ ገቢው ከተስማሙበት መጠን በታች አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ከወረደ ባለቤቱ ትርዒቱን ማስወጣት ይችላል። መጠኑ ስንት እንደሆነ ይወቁ፤ ከሳምንት ወጪው ጋር ያስተያዩት።

የመጠባበቂያው ገንዘብም አለ። የጥርና የየካቲት ወራት ደካማ ናቸው፤ መስከረምም እንዲሁ። በሚያዝያ የሚከፈት ትርዒት ለቶኒ መወዳደሪያ ይደርሳል፣ ግን በዚያው ወር ከብዙ አዳዲስ ትርዒቶች ጋር ለአንድ ተመልካች ይሻማል። ቢያንስ የስድስት ሳምንት ኪሳራ የሚሸፍን መጠባበቂያ የሌለው በጀት አንድ መጥፎ ወር ይዘጋዋል። ሲያጥራቸውም ይበደራሉ፤ ያ ብድር ከእርስዎ በፊት የሚከፈል መሆኑን ውሉ ውስጥ ያገኙታል።

ቢሳካስ? በተለመደው አሠራር ባለሀብቶቹ ያስገቡት ገንዘብ በሙሉ እስኪመለስ ትርፍ አይከፈልም፤ ከተመለሰ በኋላ የሚተርፈው እኩል ለባለሀብቶችና ለፕሮዲዩሰሮች ይካፈላል። ገበያውን ለማወቅ ይህን ይያዙ፦ በ2024–25 የቲያትር ዘመን ብሮድዌይ ላይ ከተከፈቱት 18 የንግድ ሙዚቃዊ ቲያትሮች እስከ መስከረም 2025 ድረስ ትርፍ ውስጥ የገባ አንድም አልነበረም።

ወረቀቶቹን ካመጣ አንብበው ይወስኑ፤ ካላመጣ እምቢ ለማለት ምክንያት አገኙ ማለት ነው። ዘመድዎን ማገዝ ብቻ ከሆነ ፍላጎትዎ፣ ትንሹ ቤት ውስጥ እያለ ለመቆየት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ይጠይቁት። እዚያ 25,000 ዶላር ለብዙ ተዋንያን የሳምንታት ደመወዝ ነው።