ሚስቴ «የድሮው ሰካራም ይሻለኝ ነበር» አለችኝ

ሰሞኑን ከመጡልን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «ወደ እምነቴ ተመልሻለሁ፣ ሕይወቴ ተቀይሯል፣ ግን ቤት ውስጥ ሰላም የለም» የሚሉ ናቸው። ከኦርቶዶክሱም ከጴንጤውም ይመጣሉ፣ ጣጣው ተመሳሳይ ነው። ሦስቱን መርጠናል። ጸሐፊዎቹን የሚያሳውቅ ነገር አውጥተናል። እንደተለመደው አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ቄስ አይደለሁም። ቀኖናን የሚመለከተውን ነገር ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የ36 ዓመት ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒባስ እነዳለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ያለፈውን በአጭሩ ልንገርህ። ቀን ጫት፣ ማታ አረቄ፣ ቅዳሜና እሁድ ቤቲንግ። ለመኪናው ባለቤት ገቢ ሳላስረክብ የቀረሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የሚስቴን ሐብል ሸጬ «ጠፋ» ብያለሁ። የሰፈር ዕቁብ ቀድሞ ደርሶኝ ብሩን ከወሰድኩ በኋላ መክፈል አቆምኩ፣ ዋስ የነበረችው የሚስቴ እህት ከፈለችልኝ። ዘንድሮ በዐቢይ ጾም አንድ ጓደኛዬ ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ። ንስሐ አባት ያዝኩ፣ የተሰጠኝን ቀኖና ጨረስኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም። ኪዳን አላስታጉልም፣ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ሚስቴ ደስ ይላታል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ ባሰባት። ኪሴን ትፈትሻለች፣ አፌን ታሸታለች። ልጆቹን ሌሊት 11 ሰዓት ለጸሎት ሳስነሳ ትጮህብኛለች። ዘፈን አይከፈት ስል እንጣላለን። ባለፈው እህቷ ፊት «የድሮው ሰካራም ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። ሰይጣን በሷ በኩል እየተዋጋኝ ነው ወይስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ጫትና አረቄን አንድ ላይ መተው ቀልድ አይደለም። አሁን ግን ሰይጣኑን ከሚስትህ ላይ አንሳልኝ።

ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት፣ አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ሐብሉን ሸጥኩት ብለህ ለኛ ጻፍክ። ለንስሐ አባትህም ተናዝዘህ ይሆናል። ለሷ ነግረሃታል? ወይስ እሷ እስከ ዛሬ ጠፍቷል ብላ ነው የምታስበው? እኔን ከጠየቅከኝ ሚስትህ ታውቃለች። ሴት ልጅ የገዛ ሐብሏ በየት እንደሄደ አይጠፋትም። እየጠበቀችህ ነው። አንተ ኪዳን ደርሰህ፣ ነጠላህን አጣፍተህ፣ ፊትህ በርቶ ስትገባ ታይሃለች፣ ውሸቱ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። ይህ ቢያበሳጫት ትፈርድባታለህ?

ዘኬዎስን ታውቀዋለህ፣ ሾላ ላይ የወጣው ቀራጭ። ጌታ ቤቱ ገባለት፣ ሰዉ አጉረመረመ። ዘኬዎስ ቆሞ ምን አለ? ከነገ ጀምሬ እጾማለሁ አላለም። ግማሽ ሀብቴን ለድሆች እሰጣለሁ፣ ያታለልኩትም ሰው ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ሉቃስ 19 ላይ ነው፣ ዛሬ ማታ ክፈተው። አራት እጥፍ ከአንተ የሚጠብቅ የለም። የዕቁቡን ብር ለሚስትህ እህት መመለስ ግን ከዛሬ መጀመር ይቻላል፣ ትንሽ ትንሽም ቢሆን። መጀመሪያ ሄደህ በአፍህ ይቅርታ ጠይቃት። ዋስ ሆና የከፈለች ሴት ለአንተ ጾም እልል እንድትል መጠበቅ ትንሽ ይከብዳል! የመኪናው ባለቤትም አለ። ያጎደልክበትን አስልተህ ንገረው፣ በየሳምንቱ ይቆረጥ በለው። ተቆጥቶ ቁልፉን ሊቀበልህ ይችላል፣ እሱን አልደብቅህም። ግን የሥራ ሰው ከሆነ፣ ዕዳውን ራሱ ቆጥሮ የመጣለትን ሹፌር በቀላሉ የሚለቅ አይመስለኝም።

ኪሴን ትፈትሻለች ላልከው፣ ትፈትሽ። ቅዱስ ጳውሎስን አስብ። ደማስቆ መንገድ ላይ ብርሃን ወረደበት፣ ተጠመቀ፣ መስበክም ጀመረ። ኢየሩሳሌም የወጣው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ ራሱ በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 1 ጽፎታል። ሲደርስ ደቀ መዛሙርቱ አቅፈው የተቀበሉት ይመስልሃል? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ሁሉም ፈሩት ይላል፣ ደቀ መዝሙር መሆኑን አላመኑም። ልብ በል፣ የፈሩት ሐዋርያት ያሉበት ጉባኤ ናቸው፣ ሰይጣን አላደረባቸውም። እስጢፋኖስ ሲወገር የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ የነበረው እሱ ነው፣ በየቤቱ እየገባ ወንዱንም ሴቱንም እየጎተተ ወህኒ ያስገባ የነበረውም እሱ ነው። እና ይፍሩት እንጂ! ጳውሎስ በዚህ ተቆጣ፣ አኮረፈ የሚል ደግሞ አልተጻፈም። ከሦስት ዓመት በኋላ እንደዚህ ከሆነ፣ አንተ ገና ከዐቢይ ጾም ወዲህ ነህ።

በመጨረሻ በርናባስ የሚባል ደቀ መዝሙር ነው ይዞት ሐዋርያት ዘንድ የገባው። አንተም በርናባስ ያስፈልግሃል። ንስሐ አባትህን ቤት ጥራቸው። ቡና ይፈላ፣ ሚስትህ የሆዷን ትናገር፣ አንተ ዝም በል። ዝም በል ስል የምሬን ነው፤ እሷ ስትጨርስ «ልክ ናት አባ» ካልክ ይበቃል። ሐብሉንም ያን ጊዜ ተናገር፣ ወይም ከዚያ በፊት ለብቻችሁ።

ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሱት ልጆች ግን አሳዘኑኝ። እነዚህ ልጆች ለዓመታት ሌሊት በአባታቸው ጩኸት ሲነቁ ኖረዋል፣ ዛሬም ሌሊት በአባታቸው ድምፅ ይነቃሉ። ተዋቸው፣ ይተኙ። አንተ ጸልይ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ። ጠዋት ትምህርት ቤት አድርሳቸው፣ ማታ የቤት ሥራቸውን አብራችሁ ሥሩ። ሲለምዱህ አጠገብህ መጥተው ይቆማሉ፣ ያን ጊዜ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ታስተምራቸዋለህ። ዘፈኑንም ተወው። ትናንት በስካር ቤቱን ያዘዝክ ሰው ዛሬ በጽድቅ ልታዝዝ ስትነሳ ለሚስትህ ልዩነቱ አይታያትም። አዛዡ ያው ነዋ!

በየቀኑ ምን ላድርግ ካልክ፣ ሰኔ 24 ቀን የሚታሰበውን ሙሴ ጸሊምን ላስታውስህ። አራተኛው ክፍለ ዘመን ላይ የነበረ፣ ትውልዱ ከኢትዮጵያ ነው የሚባል፣ ግብፅ ውስጥ የወንበዴዎች አለቃ ሆኖ የኖረ ጉልበተኛ ሰው ነው። አስቄጥስ ገዳም ገብቶ መነኮሰ። የድሮ ሕይወቱ ግን አለቀቀውም። ለዓመታት ሌሊት ሌሊት የዝሙት ሐሳብ ሲያሠቃየው ተስፋ እየቆረጠ መምህሩ አባ ኤስድሮስ ዘንድ ይመላለስ ነበር። በኋላ ምን ያደርግ ጀመር መሰለህ? ሽማግሌዎቹ መነኮሳት ሲተኙ እየተነሳ በየደጃቸው የተቀመጠውን እንስራ እየወሰደ፣ ሩቅ ሄዶ ውኃ ቀድቶ እየሞላ ያስቀምጥላቸው ነበር። ይህ ትልቅ ሰውዬ፣ ድሮ መንገደኛ የሚዘርፍበትን ጉልበት ውኃ መሸከሚያ አደረገው። ያንተ ቤት ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ሌሊት ተነስተህ በርሜሉን ሙላ። ጀሪካን የሚሸከመው እስከ ዛሬ ማን ነበር?

ብሩን በተመለከተ አትመካ። የቤቲንጉን አፕ አጥፋው፣ የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርህን ሚስትህ ትያዘው፣ የዕለት ገቢህን ማታ ማታ እጇ ላይ አስቀምጥ። የነዳጅና የምሳህን እሷ ትስጥህ። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ግን ኪስህን መፈተሽ የምታቆመው ኪስህ ውስጥ ምን እንዳለ ራሷ ስታውቅ ነው።

አንተን ባይመለከትም ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ልቁም ሲል መንቀጥቀጥ፣ ቅዠት፣ አንዳንዴም እንደሚጥል በሽታ መንፈራገጥ ሊመጣበት፣ ሊሞትም ይችላል። ሐኪም አይታችሁ አቁሙ። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለላችሁ። «ጠበል እያለ ሐኪም ምን ያደርጋል» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ይወሰዱ ብለው በይፋ መናገራቸውን ንገሩት።

ጥያቄ፦ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ድሮ አገሬ እያለሁ ቤተ ክርስቲያን ለልደትና ለጥምቀት ብቻ ነበር የምሄደው። እዚህ ብቻዬን ስሆን ግን ማታ ማታ በስልኬ ስብከት እየሰማሁ ልቤ ተመለሰ። ከብዙ ነገር ወጥቻለሁ፣ መሳደብና ሰው ማማት ትቻለሁ። ግን ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ጾም ሲሆን ማዳም ሥጋ ያለበት ምግብ ነው የምትሰጠኝ። ልጆቹን በጣም ስለምወዳቸው ስለ ክርስቶስ ልነግራቸውም አስባለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ለልጆቹ አትንገሪ። ያለሽበት አገር ቤተ ክርስቲያን እንኳ እንዲሠራ የማይፈቅድ አገር ነው፣ የሰው ልጅ ሃይማኖት አስቀየርሽ ከተባለ ጣጣው እስር ቤት ድረስ ይሄዳል። ደግሞ የሰው ልጅ በአደራ ነው የተሰጠሽ። መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 ላይ አንዲት ልጅ አለች፣ በምርኮ ተወስዳ የሶርያው ጦር አለቃ የንዕማን ሚስት ቤት የምታገለግል። ስሟ እንኳ አልተጻፈም። በዚያ ቤት ስትኖር የተናገረችው የተጻፈልን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ጌታዋ ከለምጹ እንዲድን የተመኘችበት። ያንን ሰምተው አመኗት። አንቺም ልጆቹን በፍቅር አሳድጊ፣ የታመመ ካለ በልብሽ ጸልዪለት፣ ከዚያ አትለፊ።

ስለ ጾሙ፣ ዳንኤል ባቢሎን ቤተ መንግሥት ሲቀርብለት የነበረውን ምግብ አልበላም ብሎ አልተጣላም። አለቃውን ለመነ፣ አሥር ቀን አትክልት ብቻ ስጠንና እየን አለ። አንቺም ማዳም ደስ ያላት ቀን ጠብቀሽ፣ ሩዝና ሰላጣ ብቻ ብበላስ ብለሽ ጠይቂያት። ብዙዎቹ የጾምን ነገር ከራሳቸው ረመዳን ያውቁታል፣ አይገርማቸውም። እምቢ ካለችሽና የሚበላ ሌላ ነገር ከሌለ ተርበሽ አትውደቂ፣ አገር ቤት ላሉት ንስሐ አባትሽ ደውለሽ ሁኔታሽን ንገሪያቸው፣ እሳቸው የሚሉሽን አድርጊ። የቀን የሥራ ሰዓትሽን ሳላውቅ እኔ ጹሚ አትጹሚ አልልም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ በስልክ የምትሰሚያቸውን ሰባኪዎች ምረጪ። «ብር ላኪልኝና ልጸልይልሽ» የሚልሽን ዝጊው። የላብሽን ብር ለእናትሽ ላኪ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ምሕንድስና ተማሪ ነው። ጎበዝ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በጣም መንፈሳዊ ሆኗል፣ ደስ ብሎን ነበር። አሁን ግን ትምህርቱን ትቼ ዋልድባ ገብቼ እመነኩሳለሁ ይላል። አባታችን ሞቷል፣ እናታችን በሽተኛ ናት፣ እኔ ገና አሥረኛ ክፍል ነኝ። እንዴት ልከልክለው?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አትከልክዪው። ከከለከልሽው ሌሊት ተነስቶ ይሄዳል፣ እንደዚህ የሄዱ ብዙ ናቸው። ጠይቂው።

መጀመሪያ ስለ አባ እንጦንስ ጠይቂው፣ የመነኮሳት አባት ስለሚባለው። ወንጌል ሲነበብ ሰምቶ ያለውን ሸጦ ሲመንን ወላጆቹ ሞተው ነበር፣ ታናሽ እህት ግን ነበረችው። ጥሏት አልሄደም። አደራ ለሚጠብቁ ደናግል ሰጥቷት፣ የምታድግበትን አስተካክሎ ነው የወጣው። «እኔንና እማዬን ለማን አደራ ሰጥተኸን ትሄዳለህ?» በዪው። ዝም ብለሽ መልሱን ጠብቂ። ለገዛ ቤተሰቡ የማያስብ ሃይማኖቱን ክዷል የሚለውንም ጢሞቴዎስ አንደኛ ምዕራፍ 5 ላይ እንዲያነብልሽ ስጪው፣ አንቺ አታንብቢለት።

ሁለተኛ፣ ገዳም ሄዶ ወዲያው ቆብ የሚጭን የለም። አመክሮ አለ። እንጨት ትፈልጣለህ፣ ውኃ ትቀዳለህ፣ ለአረጋውያን ትታዘዛለህ፣ አባቶች ያዩሃል። ዋልድባ ደግሞ እህል አይበላም፣ ቋርፍ የሚባል ከሥራ ሥር የሚዘጋጅ ምግብ ነው የሚበላው። ወንድምሽ ይህን ከስብከት ሰምቶት ይሆናል፣ ለክረምት እረፍቱ አንድ ገዳም ሄዶ እያገለገለ ይክረም በዪው። እናትሽ ይመርቁትና ይሂድ። መስከረም ላይ ተመልሶ ትምህርቱን ይቀጥል፣ ሁለቱን ዓመት ይጨርስ፣ አንቺም እስከዚያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትደርሻለሽ። ያን ጊዜም ፍላጎቱ ካልቀነሰ ገዳሙ አይሄድበትም።

ንስሐ አባቱ ማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ? ካወቅሽ ከእናትሽ ጋር ሆናችሁ ዛሬውኑ ደውሉላቸው። የእናታችሁን ሕመምና የቤቱን ሁኔታ አልነገራቸውም ይሆናል።