የአሮጌ ቦይለር ማስቀየሪያ ዋጋ

ጥያቄ፦ ለንደን በሚገኘው ቤቴ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለውን የጋዝ ቦይለር (ቤቱንና የቧንቧውን ውሃ የሚያሞቀውን መሣሪያ) ለማስቀየር አንድ ባለሙያ 3,400 ፓውንድ ጠየቀኝ። ዋጋው አልበዛም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዋጋውን ብዙ ጊዜ የሚያንረው የተከላው ሥራ ነው። በእንግሊዝ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚተከሉት ቦይለሮች፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከጭሱ ጋር ይባክን የነበረውን ሙቀት መልሰው ስለሚጠቀሙ፣ በዚህ ሂደት የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ፍሳሽ የሚያወርድ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያስፈልጋቸዋል፤ የእርስዎ አሮጌ ቦይለር ይህ ከሌለው ቱቦውን መዘርጋትና የጭስ ማውጫውን መቀየር በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ቦይለሩን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ደግሞ ወጪውን በብዙ መቶ ፓውንድ ሊጨምር ስለሚችል፣ ቦታው ካላስቸገረዎ ባይነኩት እመርጣለሁ።

ዝርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ክፍሎቹን የሚያሞቁት የራዲያተሮች መስመር እጥበት፣ የሙቀት መቆጣጠሪያውና ዋስትናው መካተታቸውን አይተው ከሌሎች ሁለት ባለሙያዎች ዋጋ ጋር ያወዳድሩ። ሠራተኛው ጋዝ ሴፍ (Gas Safe) በተባለው የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ የተመዘገበ መሆን ግዴታው ነው፤ መታወቂያውን ገልብጠው የቦይለር ሥራ የተፈቀደለት መሆኑን ከጀርባው ያንብቡ። በጋዝ ቦይለሩ ምትክ የሙቀት ፓምፕ (ከውጭ አየር ወይም ከመሬት ሙቀት ስቦ ቤት የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ለማስገባት ከወሰኑ ግን፣ መስፈርቱን ካሟሉ መንግሥት 7,500 ፓውንድ ይደጉምዎታል።