ሰላጣው ለምን ቀጠነ? ሉክስ፣ አምፖልና ሰርገኛ ጤፍ

የዛሬው ጠያቂዬ ደብረ ብርሃን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የጓሮ አትክልታቸውን ውርጭ እየፈጀው ቢያስቸግራቸው ሰላጣና በሶብላ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ዘሩ። ካርቶኑ ላይ «100 ዋት» የሚል ኤልኢዲ አምፖል ከመደቡ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። በስልካቸው የብርሃን መለኪያ ሲያዩት 9,600 ሉክስ ይላል፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ ያረፈው ብርሃን የሚለካበት ነው። ችግኙ ግን በሦስተኛ ሳምንቱ ቀጥኖ፣ ገርጥቶ ተጋደመ። ማዳበሪያ ቢጨምሩም ለውጥ የለም። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጣል አድርገዋል፦ «ማታ ሳጠፋው አምፖሉ ጭል ጭል ይላል።»

ጋሼ፣ ማዳበሪያውን ይተዉት። ችግኝ እንዲህ የሚመዘዘው ብርሃን ፍለጋ ነው። 9,600 ያገኙትም ስልኩን ወደ አምፖሉ አስጠግተው ይመስለኛል፤ ከአንድ ስንዝር ባነሰ ርቀት። ከአንድ አምፖል ሲርቁ፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። በ15 ሳንቲ ሜትር 9,600 ከነበረ በ30 ላይ 2,400 ነው፣ በ60 ደግሞ 600። ሰላጣዎ የሚኖረው በ600ዋ ነው።

ከሰላጣው በፊት ግን ያ ጭል ጭል የሚለው ነገር አሳስቦኛል። ማብሪያ ማጥፊያዎ የራሱ ትንሽ መብራት ከሌለው፣ የገጠመልዎት ሰው ፌዙን (የሚነዝረውን ሽቦ) ትቶ ኒውትራሉን (መመለሻውን ሽቦ) በማጥፊያው አሳልፎታል ብዬ እጠረጥራለሁ። እንዲህ ከሆነ አምፖሉ ቢጠፋም ፌዙ ሆልደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል። ውሃ በሚረጩበት ክፍል! ብሬከሩን አውርደው አምፖሉን ይፍቱ። ከዚያ ማጥፊያው እንደጠፋ ብሬከሩን መልሰው በቴስተር ሆልደሩን ይሞክሩ። ቴስተሩ ከበራ ጥርጣሬዬ ልክ ነው፤ እንደገና አውርደው ፌዙን በማጥፊያው ያሳልፉት። በናስትሮ ብቻ የተጠመጠመ መጋጠሚያ ካገኙም ፈትተው በሞርሴቶ፣ ሽቦውን በብሎን በሚያጠብቀው ማገናኛ፣ ይሰሩት። ስንቱን ቤት ፈትቼ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ፣ ናስትሮ ለጥፎ፣ ሂሳብ ተቀብሎ መሄድ። ብሬከሩ ሳይወርድ ግን ጣትዎ ሽቦ እንዳይነካ።

አሁን ወደ ልኬቱ። በብዙ ስልክ ላይ የብርሃን ዳሳሹ ከፊት ለፊት፣ ከጆሮ ማዳመጫው አጠገብ ነው። በጣትዎ ሲሸፍኑት ቁጥሩ የሚወርድበትን ቦታ ይፈልጉ። ስልኩን በቅጠሉ ከፍታ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያጋድሙት። ጭንቅላትዎ አያጥላበት። መሀሉንና አራቱን ማዕዘን ለክተው አማካዩን ይያዙ። መስኮት ካለ ማታ ይለኩ።

ያገኙትን ሉክስ ለ70 ያካፍሉት። ለምን 70? እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ፣ ይህን ነገር ማስረዳት እወዳለሁ። ሰርገኛ ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ ያስቡ። ነጩን በሙሉ ዋጋ ይቆጥራል፣ ቀዩን ግን እያጣጣለ። ሉክስ ይህ ነጋዴ ነው። የተሠራው ለሰው ዐይን ነው፣ ዐይናችን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያየው አረንጓዴውን፣ 555 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ነው፤ ናኖ ሜትር የብርሃን ቀለም የሚለይበት የሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው። ቀዩንና ሰማያዊውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ቅጠል ግን ዋጋ አያውቅም፤ ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ያለውን ሁሉ ይበላል፣ የሚቆጥረውም የብርሃኑን ቅንጣት በፍሬ ነው። የዚያ ቆጠራ ስም ማይክሮሞል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ የሚያርፈው። ከዋጋው ተነስቶ ፍሬውን ለማወቅ ድብልቁን ማወቅ ግድ ነው። የፀሐይ ድብልቅ ለ54 ይካፈላል፣ ነጭ ኤልኢዲ ወደ 70 ገደማ። ሐምራዊው «የተክል መብራት» ሲለካ ሉክሱ ትንሽ ሆኖ ቅጠሉ የሚጠግበውም ለዚህ ነው፤ እሱን በስልክ አይለኩት። ቀትር ላይ ጥርት ባለ ሰማይ ደጅዎ ወደ 100,000 ሉክስ አለ፣ ማለትም 1,850 ማይክሮሞል ግድም። የእርስዎ 600 ለ70 ሲካፈል ዘጠኝም አይሞላ።

ሰላጣ ከ200 እስከ 250 ማይክሮሞል ይበቃዋል፣ በቀን ለ16 ሰዓት። በስልክዎ ከ14,000 እስከ 17,500 ሉክስ ማለት ነው። በሶብላም በዚህ ይረካል። ቲማቲም ካማርዎት እጥፉን ያስቡ፤ እኔ ግን ባይነካኩት እላለሁ።

በአንድ አምፖል ይህ አይሆንም፣ ዋቱም ውሸት ነው። «100 ዋት» የሚሉት የድሮውን አምፖል ብርሃን ይተካል ለማለት ነው፤ አንዳንዱ እሱንም አይተካም። ይፈትሹት፦ ሌላውን ሁሉ ነቅለው ቆጣሪው ላይ ያለችውን ቀይ ብልጭታ ስድስት ደቂቃ ይቁጠሩ። አጠገቧ 1600 ተጽፎ ከሆነ፣ እውነተኛ 100 ዋት 16 ጊዜ ብልጭ ያሰኛታል። የእርስዎ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢያደርግ አልገረምም፤ 15 ዋት ነዋ!

120 በ30 ሳንቲ ሜትር መደብ ሠርተው አራት ባለ 18 ዋት ኤልኢዲ ቱቦ ከቅጠሉ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉ። ችግኙ ሲያድግ ቱቦውን ከፍ ያድርጉ። ለቀኑ 1.15 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ግድግዳውን ኖራ ይቀቡት። ፎይል የሚለጥፉ አሉ፤ ፎይል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ከሆልደር አጠገብ አልወደውም። ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ውሃ ቢወርድበት ወደ ሶኬቱ እንዳይሄድ። ሲያጠጡ ብሬከሩ ይውረድ። ሁለቴ አልኩት፤ ሦስተኛም እላለሁ፣ ብሬከሩ ይውረድ።

ታይመር ከገዙ ከ6:00 እስከ 22:00 ይሙሉት፤ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 እስከ ማታው 4 ነው። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ካለዎት ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይዋ ወደዚያ ታዘነብላለችና መደቡን እዚያ ቢያስጠጉ ከወጪው ያተርፋሉ፤ በሌሊት ግን ከመስታወቱ ራቅ ያድርጉት፣ ውርጩ እዚያም ይደርሳል።

የተጋደሙት ሰላጣዎች አይቃኑም፤ ነቅለው እንደገና ይዝሩ። አዲሱን ልኬት ሲጽፉልኝ ስልኩ ቅጠሉ ላይ እንደነበረ አብረው ይጻፉልኝ።