ዜሮ ብዬ የሞላሁት ቅጽ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት የፕላን ባለሙያ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ የልማት ገንዘብ ቅድሚያ የሚያስፈልገው ወረዳ የትኛው እንደሆነ በምን ትለዩ ነበር?» አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ግን አንድ ቀን ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ሴፍቲኔት፣ ማለት የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጠው ፕሮግራም፣ በ1997 ዓ.ም. ሊጀመር ወረዳዎች ሲመረጡ ነው። ዋናው መመዘኛ ወረዳው በተከታታይ ሦስት ዓመት የምግብ እርዳታ ተቀብሏል ወይ የሚል ነበር። እኔ የተላኩት ጎጃም፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ወዳለ ወረዳ ነው። ላዩ ደጋ፣ ጤፉ ያማረ፣ ትርፍ አምራች የሚባል። ታቹ ግን ቆላ ነው። አምስት ሰዓት በእግር ወረድን። ጫማዬ መንገድ ላይ ሲቀደድ መንገድ መሪዬ በረባሶውን አውልቆ ሰጠኝና በባዶ እግሩ ወረደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ታች አንዲት እናት ቤት ገባን። የማሽላ ንፍሮ አቀረቡልን። ጥግ ላይ ጎታ አለ። ውስጡን ሳየው ዶሮ እንቁላል ታቅፋበታለች። ገና ጥቅምት አላለቀም፤ አዝመራው አልደረሰም።

«እርዳታ አይመጣም እማማ?»

«መኪና በማይደርስበት ማን ያመጣዋል ልጄ? ደጋ ወጥተን እናጭዳለን፣ በቀለብ እንመለሳለን።»

ማታ ወረዳው ከተማ ተመልሼ ቅጹን ሞላሁ። «እርዳታ የተቀበለባቸው ዓመታት» ይላል። ዜሮ ጻፍኩ። እውነት ነው፣ አልተቀበሉም። ከጎኑ «አስተያየት» የሚል ቦታ ነበር። ደክሞኛል፣ አለቃዬም አጭር ነገር ይወዳል። ባዶውን ተውኩት። ወረዳው ሳይመረጥ ቀረ። እርዳታ ያላገኘው መንገድ ስላልነበረው ነው፤ እኔ ግን በዜሮዬ አልተራበም አሰኘሁት።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 ላይ በልማት ወደኋላ ለቀሩት ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ይላል። «ታዳጊ ክልል» ሲባል አፋር፣ ሶማሌ፣ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ናቸው። ይገባቸዋል። ግን ደህና በሚባል ክልል፣ ደህና በሚባል ወረዳ ሥር ያለችው ቆላ ቀበሌ በአማካይ ስሌት ትዋጣለች። ደጋው ይሸፍናታል። ስለዚህ እናንተ ወጣት የፕላን ባለሙያዎች፣ እስከ ቀበሌ ውረዱ።

እናንተ ዛሬ መንገድ የሌለውን ቀበሌ በሳተላይት ምስል ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። እኛ ይህን አላገኘንም። ግን ብዙዎቻችሁ መስክ መውጣት አትወዱም፤ ብትወጡም አስፋልት ዳር አድራችሁ ትመለሳላችሁ። ይህ ያሳዝነኛል። ጎታ ውስጥ ያለች ዶሮ በሳተላይት አትታይም።

ቁጥር አትመኑ ልላችሁ ነበር፤ ተውኩት። ቁጥር ባይኖር ገንዘቡ በላይ ሰው ወዳለው ወረዳ ይሄዳል። አይቼዋለሁ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራችን የ1999 መሆኑ እስካሁን ያናድደኛል።

ለልጅቷ መልሼ ደወልኩላት። የቀበሌዋን ስም ነገርኳት። ካርታ ላይ ፈልጋ አገኘቻት። መንገዱ ዛሬም አፋፉ ላይ ይቆማል አለችኝ።