መልስ፦ የፊያት 600 ፓራፋንጎ ከላሜራ በእጅ ስለማውጣት

ሰላም ወንድሜ። ደሴ ያለችው የአባትህ ፊያት 600 የፊት ፓራፋንጎዋ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ብረት) በዝገት ስለተበላ፣ ከላሜራ በእጅ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። በሚገባ ይቻላል! ብቻ ከኮምቦልቻ የጣራ ቆርቆሮ ገዝተህ እንዳትጀምር፤ ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ሲበየድ ጭሱ ያሳምማል፣ ውፍረቱም አይበቃም። ከ0.8 እስከ 1 ሚሊሜትር የሚሆን ጥቁር ላሜራ (ዚንክ ያልተለበጠውን) ፈልግ።

ከደህናው ጎን ፓራፋንጎ ላይ ቅርጹን በካርቶን ውሰድና ካርቶኑን ገልብጠህ ተጠቀም። ከዚያ ላሜራውን አሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ አድርገህ በእንጨት መዶሻ መሃሉን አጎድጉደው። ጠርዙ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ይሸበሸባል፤ አትደንግጥ፣ ዋናው ጥበብ ያለው እዚያ ነው። ሽብሽቡን ሳይደራረብ ወደ ውስጡ እያስገባህ ቀስ ብለህ ስትቀጠቅጠው ብረቱ ይሰበሰባል፣ ጠርዙ ያጥራል፣ ጉብታውም ይጸናል። ብዙ ሰው ትዕግሥቱ አልቆ ጠርዙን በመቀስ ይቀድደዋል፤ ያሳዝናል። ብረቱ ከደነደነብህ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግለውና በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።

በየመሃሉ በመዳፍህ ዳስሰው፤ ዓይን የሳተውን መዳፍ ያገኘዋል። ከቀለም በፊት የሚቀባው ስቱኮ ስስ ማለስለሻ እንጂ የጎደለ ቅርጽ መሙያ አይደለም። በደሴ ጉም ደግሞ ራቁቱን ላሜራ አታሳድረው፤ በዚያው ቀን ጸረ ዝገት ቀባው።