«አላህ ያውቃል» ስንት ቁጥር ነው?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የመረጃ ሰብሳቢዎች ሥልጠና ላይ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ የመሰላሉን ጥያቄ ስጠይቃቸው ‹እግዜር ያውቃል› ቢሉኝስ? ስንት ብዬ ልሙላ?» አሠልጣኙ ቀደመኝና «88» አላት። «አላውቅም» ማለት ነው። ልጅቷ ጻፈች፣ ሥልጠናው ቀጠለ። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልወረደልኝም።

ሥራውን ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። የወጣቶችን ተስፋ ለመለካት ከሚጠየቁት አንዱ ይህ መሰላል ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሃድሊ ካንትሪል በ1965 እ.ኤ.አ. በጻፈው ነው የታወቀው። ከ0 እስከ 10 ደረጃ አለው። ጫፉ ላይ ልትኖረው የምትችለው ምርጥ ኑሮ፣ ሥሩ ላይ የከፋው። ዛሬ የትኛው ላይ ነህ? ከአምስት ዓመት በኋላስ? በቃ፣ ይኸው ነው። ጋሉፕ የሚባለው የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት ዛሬም በየሀገሩ እየዞረ ይጠይቀዋል።

በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ መርሳ አካባቢ ነበርኩ፣ ሰሜን ወሎ። መርሳን ያየ ሰው ፍራፍሬዋን አይረሳም። ሾፌራችን በየማታው ለልጆቹ የሚወስደውን ማንጎ ከመቀመጫው ሥር ይደረድር ነበር፤ መኪናው ውስጥ ከመጠይቁ ይልቅ ማንጎው ይሸት ነበር። ያን ቀን ዝናቡ መንገዱን ስላበላሸው መኪናው አስፋልቱ ዳር ቀረ። እኛ ጭቃውን በእግራችን ገባን።

አንዲት ቤት ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ልጅቷ በር ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ላይ ማሽላ ትለቅማለች። አሥረኛ ክፍል ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነበር። እናቷ ከጎኗ ናቸው። መሰላሉ የተሳለበትን ካርድ ሰጠኋት። «ዛሬ የትኛው ላይ ነሽ?» አልኳት። «ሁለት» አለች፣ ወዲያው። «ከአምስት ዓመት በኋላስ?»

ዝም አለች። ከዚያ ጣቷ መውጣት ጀመረ። ማሽላው አቧራ ያደረገው ጣት ነው፤ በየደረጃው ላይ ትንሽ ነጭ ምልክት እየተወ ወጣ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ሰባት ላይ ቆመ። ቀና ብላ እናቷን አየች። ጣቷን ሰበሰበችና «እሱንማ አላህ ያውቃል» አለች።

«አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

«አላህ ያውቃል አልኩዎ እኮ።»

ሦስት መጠይቅ ቀርቶኛል። ሾፌሩ ከሩቅ ክላክስ ያደርጋል። መመሪያው በቃል የተነገረውን ብቻ ሙላ ይላል። 88 ላይ በእርሳስ ከበብኩና ተነሣሁ። ቢሮ ገብቼ መረጃውን ያጸዳሁትም እኔው ነኝ። 88ን ካላወጡት አማካዩ ይበላሻል፣ ስለዚህ 88ን በሙሉ የሚያወጣውን የኮምፒውተር ትእዛዝ ጻፍኩ። ያ ትእዛዝ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ መርሳ ላይ ተሠርቶ አልቋል። ሰንጠረዡ ላይ ያቺ ልጅ የለችም። ጣቷ ግን ሰባት ላይ ቆሞ ነበር፣ አይቻለሁ። ውጤቷ ምን እንደሆነ፣ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም።

በኋላ ስናይደር የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣውን መለኪያ አነበብኩ። እሱ ተስፋን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ፍላጎቱና ቆራጥነቱ አንድ፣ መንገዱን ማግኘት ሁለት። ያኔ ነው የገባኝ። ፍላጎቱ ጣቷ ላይ ነበር። መንገዱ ግን በእናቷም፣ በውጤቱም፣ በገንዘቡም እጅ ነው። ደግሞ እኛ ጋ ነገን በቁጥር መናገር ድፍረት ይመስላል። «አላህ ያውቃል» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አላውቅም ማለቱ አይደለም። እፈልጋለሁ፣ ግን ጮክ ብዬ አልናገረውም ማለቱ ነው።

ሰውን አትጫኑ ብዬ ለዓመታት አስተምሬያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ያቺን ልጅ ግን ትንሽ መጫን ነበረብኝ። ቢያንስ «ጣትሽ እዚህ ቆሞ ነበር፣ ልጻፈው?» ማለት። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ አትጠይቁኝ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ። ታብሌቱ ላይ «ቀጥል» የምትለዋን ስትጫኑ የሰውዬውን ፊት አታዩም፣ ይህ ያናድደኛል። «እዚህ ሀገር ምን ተስፋ አለ» ስትሉም እሰማለሁ። እንደዚያ የሚለኝ ልጅ ግን ማታ ማታ ኮምፒውተር ይማራል፣ ዲቪ ይሞላል፣ ለእናቱ ቆርቆሮ እገዛለሁ ብሎ ዕቁብ ይጥላል። ይህን ልጅ የትኛው ደረጃ ላይ ልታስቀምጡት ነው? ሀገር ጥሎ ስለ መሄድም ብትጠይቁኝ፣ ተስፋ ይሁን ተስፋ መቁረጥ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼበት መወሰን አልቻልኩም። ያው አንድ ሰው ላይ ጠዋት አንዱ፣ ማታ ሌላው ሆኖ አይቼዋለሁ።

ተስፋ አይለካም የሚሉትን ግን አልቀበልም። በ2010 እ.ኤ.አ. ሐረርጌ፣ ዶባ ወረዳ ውስጥ ለገበሬዎች አጫጭር ፊልሞች ታይተው ነበር። እንደነሱ ከገጠር ተነሥተው ኑሯቸውን ያሻሻሉ ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ የሚናገሩበት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ሲጠይቋቸው ያዩት ሰዎች ምኞት ከፍ ብሏል፣ ቁጠባቸውም እንዲሁ። ይህ የታወቀው ስለተለካ ነው።

ስለዚህ አንቺ እጅሽን ያወጣሽው ልጅ፣ መልሴ ይኸውልሽ። 88ን ሙዪ፣ መመሪያው ነው። ግን ታብሌቱ ላይ «አስተያየት» የምትል ባዶ ሣጥን አለች፣ ማንም አይነካትም። ጣቱ የት እንደቆመ፣ ማንን ቀና ብሎ እንዳየ እዚያ ጻፊልኝ። ማታ ማታ ሲላክልኝ እኔ አነበዋለሁ።